«ጨጓራ ነው» ከማለትዎ በፊት

ሆዱን ያመመው ሰው ቤት ውስጥ ሐኪም አያጣም። አንዱ «ጨጓራህ ነው» ይላል፣ ሌላው «ብርድ መቶህ ነው» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ፌጦ በጥብጣ ትደርሳለች። ወቅቱ ጾም ከሆነ ጥፋቱ የሽሮው ነው፤ የፋሲካ ማግስት ከሆነ ደግሞ የዶሮ ወጡ ይሆናል። አብዛኛው የሆድ ሕመም በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ስለሚሄድ ይህ ሁሉ ግምት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። አንድ ቦታ ላይ ግን የቤት ውስጥ ምርመራችን በጣም ውድ ያስከፍለናል። ይህም ከእምብርት በታች በስተቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም ነው።

ቦታውን በትክክል ለማወቅ ቀኝ እጅዎን ወደ ዳሌዎ ይውሰዱ። ከፊት በኩል ሾጠጥ ብሎ የሚዳሰስ አጥንት ያገኛሉ። ከዚያ አጥንት እስከ እምብርትዎ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር በሐሳብዎ ያስምሩና ለ3 ይክፈሉት። ከአጥንቱ ተነስተው የመጀመሪያው ሲሶ የሚያልቅበት ነጥብ በሕክምናው ዓለም የማክበርኒ ነጥብ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 ስለ ቦታው ከጻፈው የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም ከቻርልስ ማክበርኒ ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ በብዛት የሚጠነክረው እዚያ አካባቢ ነው። ጨጓራ ግን እዚያ የለም። ጨጓራ የሚገኘው ከእምብርት በላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ነው።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነውና በሙያዬ ዓይን ስመለከተው «ጨጓራ» በአገራችን አንድም ማስታወቂያ ሳይሠራለት ከማንኛውም ሸቀጥ በላይ ገበያውን የያዘ ብራንድ ነው። ሆድ በተባለ ቁጥር ቀድሞ ወደ አፋችን የሚመጣው እሱ ነው። ችግሩ ሌሎቹ «ተፎካካሪዎች» ሲመጡ ጊዜ የማይሰጡ መሆናቸው ላይ ነው።

ከእምብርት ጀምሮ ወደ ቀኝ የሚወርድ

ትርፍ አንጀት ትልቁ አንጀት በሚጀምርበት ቦታ ላይ የተንጠለጠለች፣ የጣት ያህል ርዝመት ያላት፣ አንድ በኩሏ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ናት። ስሟ «ትርፍ» ስለሚል ብዙ ሰው ሕመሟንም በዚያው ልክ ቀለል አድርጎ ያየዋል። አፏ በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም በዙሪያዋ ባሉ ዕጢዎች እብጠት ሲዘጋ፣ ውስጧ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ የደም ዝውውሯን ያፍናል። ካልታከመች ትፈነዳለች።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ነገር አለ። ሕመሙ የሚጀምረው በስተቀኝ አይደለም። ከትርፍ አንጀት የሚነሱት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት የእምብርት አካባቢ ነርቮች በሚገቡበት ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ አእምሮ መጀመሪያ ሕመሙን የሚቆጥረው እምብርት ላይ ነው። ድብን ያለ፣ ቦታው በጣት የማይጠቆም፣ ምግብ የሚያስጠላ ሕመም ይሆናል። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ሳይሞላ፣ ቁጣው የሆድን የውስጥ ሽፋን ሲነካ ሕመሙ ወደ ታችኛው ቀኝ ወርዶ የሚወጋ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጨጓራ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። «ጨጓራ ነው» የሚለው ፍርድ የሚሰጠውም በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐሙስ ጠዋት እምብርቱ አካባቢ አመመው። ጨጓራ መሆኑን ራሱ ወስኖ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ገዛ። ማታ ሕመሙ ወደ ቀኝ ሲወርድ ዲክሎፌናክ ጨመረበት። ዓርብ ዕለት እናቱ ፌጦ አጠጡት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ በድንገት ቀለል አለለትና «አሁን ተሻለኝ» ብሎ ተኛ። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ በትኩሳት እየነደደ በሰው ትከሻ ሆስፒታል ገባ። ቅዳሜ «ተሻለኝ» ያለበት ሰዓት ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ነበር፤ ግፊቱ ሲተነፍስ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት ይቀንሳል፣ ከዚያ መግሉ በሆድ ውስጥ ሲሰራጭ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ከ2 እና ከ3 ቀን በኋላ ወደ ቤት ሊመለስ የሚችል ሰው ሆዱ ላይ የመግል ማውጫ ቱቦ ተደርጎለት 3 ሳምንት ተኛ። ስለ ወጪው ባላነሳ ይሻላል።

በሽታው ሰው አይመርጥም። የብሪታንያው ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1902 ዘውድ ሊጭኑ 2 ቀን ብቻ ሲቀራቸው በትርፍ አንጀት ምክንያት የተጠራቀመ መግል በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ከመላው ዓለም የተጠራው እንግዳ ለንደን ገብቶ፣ ድግሱ ተሰናድቶ፣ በዓሉ እስከ ነሐሴ ተራዘመ። ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ለዚያ በዓል ወደ ለንደን የተላኩት ራስ መኮንን ነበሩ።

ልጆች ሳለን «እንደበላህ አትሩጥ፣ ትርፍ አንጀት ይይዝሃል» ያልተባለ ያለ አይመስለኝም። የብርቱካን ፍሬ ስንውጥም እንዲሁ እንፈራ ነበር። መሮጥ ትርፍ አንጀት አያመጣም፤ የተዋጠ ፍሬ የሚዘጋት አጋጣሚም በጣም ጥቂት ነው። በየትኛውም ዕድሜ ሊከሰት ቢችልም የሚበዛው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ምልክቶቹን በሚገባ መለየት የሐኪም ሥራ ቢሆንም ቤት ውስጥ ልብ የሚባል ነገር አለ። በትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይቀድማል፣ ማስመለሱ ይከተላል፤ በምግብ መበከል ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስመለሱና ተቅማጡ ቀድመው ይመጣሉ። ምግብ ፈጽሞ ያስጠላል። ትኩሳቱ መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ አይደለም። ታማሚው ጉልበቱን አጥፎ ሳይንቀሳቀስ መተኛትን ይመርጣል፤ ሲያስል፣ ሲስቅ ወይም ከአልጋ ሲወርድ ቦታው ላይ ይወጋዋል። የብሪታንያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ታማሚዎችን ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ አሟቸው እንደሆነ ጠየቁ። ትርፍ አንጀት ከተረጋገጠባቸው 34 ሰዎች መካከል 33ቱ «አዎ» ብለዋል። ሌላ ችግር የነበረባቸው ብዙ ሰዎችም «አዎ» ስላሉ ጉብታው ብቻውን አይፈርድም። ቢሆንም የአዲስ አበባ መንገድ ለዚህ ምርመራ ምን ያህል እንደሚመች እያሰብኩ መሳቄ አልቀረም።

ሴት ከሆነች

በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በዚህ ቦታ ካመማት ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ እርግዝና አለ ወይ የሚለው ነው። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ሳይሆን በማህፀን ቱቦ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና ከ100 እርግዝናዎች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ የሚያጋጥም ሲሆን፣ ቱቦው ከተቀደደ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው የወር አበባ ከቀረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፦ በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ትንሽ የደም ጠብታ፣ ማዞር፣ አንዳንዴም ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም። ትከሻው የሚያመው ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ድያፍራምን ስለሚነካው ነው። ሆዷን ይዛ ትከሻዬን አመመኝ ያለች ወይም ራሷን የሳተች ሴት ለደቂቃም መቆየት የለባትም። «ሉፕ አስገብቻለሁ፣ አላረግዝም» ማለትም አይበቃም። በሉፕ ላይ ማርገዝ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ከተረገዘ ጽንሱ ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ለእናቶችና ለአባቶች የምለው አለኝ። የ17 ወይም የ19 ዓመት ልጅ በወላጆቿ ፊት «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር? ግንኙነት አድርገሻል?» ስትባል መልሷ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ በፊት ከክፍሉ ውጡላት። ስለ ልጃችሁ ያላችሁ እምነት ትክክል ቢሆንም እንኳ የሽንት ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

እርግዝና ከሌለስ? እንቁላል በሚያመርተው አካል፣ በኦቫሪ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሊኖር ይችላል። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን ኦቫሪውን ይዞት ይጠመዘዝና የደም ሥሩን ያንቃል፤ ይህ በግራው ካለው ይልቅ በቀኙ ላይ ይበዛል። ድንገት፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ፣ ከማስመለስ ጋር የሚጠነክር ሕመም ነው፤ ኦቫሪውን ለማዳን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከዚህ በተለየ፣ በሁለት የወር አበባ መካከል፣ ቀጣዩ ሊመጣ 2 ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ቆንጠጥ የሚያደርግና በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚተው ሕመም እንቁላል ሲለቀቅ የሚሰማ ነውና ብዙም አያሳስብም። መጥፎ ሽታ ካለው ፈሳሽና ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ሕመም ደግሞ የማህፀንና የቱቦዎቹ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሳይታከም ከቆየ መውለድን እስከማደናቀፍ ይደርሳል።

ወንድ ልጅ ከሆነ

ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ወንድ ልጅ፣ በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ያለ፣ የዘር ፍሬው በራሱ ላይ ሲጠመዘዝበት ሕመሙ በታችኛው ሆዱ ላይ ሊሰማው ይችላል። ፍሬውን ቢያመውም አፍሮ «ሆዴን ነው» ሊል ይችላል። በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልተፈታ ፍሬውን የማትረፍ ተስፋው በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ሆዴን ያለውን ልጅ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ለብቻው ወስዶ «እታችስ ያምሃል? አብጧል?» ብሎ ይጠይቀው። ብሽሽቱ ላይ የወጣና ወደ ውስጥ አልመለስ ያለ እብጠት ካለም ቡአ ታንቆ ሊሆን ስለሚችል ያው አስቸኳይ ነው።

ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የት እንደሚያማቸው ስለማይናገሩ ትርፍ አንጀታቸው ሳይታወቅ የመፈንዳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ትልቁን ልጅ ግን «እስቲ በአንድ እግርህ ዝለል» ይበሉት። የሚዘል ልጅ ያጽናናል፤ አንዴ ሞክሮ ሆዱን ይዞ የቆመ ልጅ ሐኪም ይየው። ጉንፋን ከያዘው በኋላ የሆድ ውስጥ ዕጢዎች አብጠው ተመሳሳይ ሕመም የሚያመጡበት ጊዜም አለ፤ እሱ በራሱ ይድናል፣ ነገር ግን ይህን የሚለየው ሐኪም እንጂ አያት አይደለችም።

የቀሩትን ባጭሩ ልንካቸው። የኩላሊት ጠጠር ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ በማዕበል የሚመጣ ሕመም ነው። የትርፍ አንጀት ታማሚ መንቀሳቀስ ይጠላል፤ ጠጠር ያለበት ግን መቀመጫም መተኛም ያጣል። አሜባም ሆነ ታይፎይድ የሚያጠቁት የአንጀት ክፍል እዚሁ ቀኝ በኩል ያለውን ስለሚጨምር ያሳምማሉ። የአንጀት ቲቢም በብዛት የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ለወራት የቆየ ሕመም፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ካለ ሊታሰብ ይገባል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ሕመሙ ከደም ማነስ ጋር ከመጣ የአንጀት ዕጢ መኖር አለመኖሩ ይመረመር። ቆዳ ላይ በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ሕመም ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን ቆይቶ አልማዝ ባለጭራ ሽፍ ሊል ይችላል።

ሐኪም ጋ እስኪደርሱ

ሕመሙ ወደ ቀኝ ወርዶ ከቆየ፣ እየባሰ ከሄደ ወይም ማስመለስና ትኩሳት ከተጨመረበት ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። መሄጃ ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቀዶ ሕክምና ሊኖር ስለሚችል ምግብም ፌጦም አይቅመሱ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይውሰዱ፣ ሆድዎንም አያሳሹ፤ በግፊት የተወጠረን ነገር ማሸት ትርፉ ማፈንዳት ነው። ከፋርማሲ ሲፕሮ ወይም ፍላጂል ገዝቶ መጀመርም ምልክቱን ያደበዝዛል እንጂ መፍትሔ አይሆንም። የወሰዱት ነገር ካለ ግን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሕመሙ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ ጀምሮ ወዴት እንደሄደ መንገድ ላይ ስልክዎ ላይ ጻፍ ጻፍ ያድርጉት፤ ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ ይበልጥ ሊረዳው ይችላል።

አልትራሳውንድ ላይ «ምንም አልታየም» ቢባሉም ነገሩ አላለቀም። ትርፍ አንጀት፣ በተለይ ገና ስትጀምር፣ ላትታይ ትችላለች። ሐኪሙ «ከ12 ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ና» ካለ ስላላወቀ አይደለም፤ ይህ በሽታ በሰዓታት ውስጥ መልኩን ስለሚያወጣ ነው። ከዚያ በፊት ከባሰብዎ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ያልፈነዳች ትርፍ አንጀት በአንዳንድ አገሮች በአንቲባዮቲክ ብቻ ትታከማለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በወጣ ትልቅ ጥናት በዚህ መንገድ ከታከሙት 10 ሰዎች 3 ያህሉ በ3 ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ሌሎቹ አላስፈለጋቸውም። ይህ በሆስፒታል ክትትል የሚደረግ ነው። ዛሬም የተለመደው ሕክምና ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ላፓሮስኮፒ ባለበት ቦታ ታማሚው ቶሎ ይነሳል። ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ የተለየ ምግብ አያስፈልገውም፤ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ዕቃ አያንሳ እንጂ ፌጦውንም ከዚያ በኋላ ቢጠጣ የሚከለክለው የለም።