ከሩቅ አገር ሆኖ ቤት ስለ መግዛትና ስለ ደላላ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ርቆ ምንም ያህል ዓመት ቢኖር ልቡ ወደ አገሩ መመለሱን አይተውም። ከአዊ ምድር ወጥተው በአዲስ አበባ፥ በዓረብ አገሮች፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ሠርተው የሚያድሩ ወንዶችና ሴቶች ከደመወዛቸው ጥቂት በጥቂት እየቈጠቡ ከሚመኙት ነገር አንዱ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ የራሳቸው የሆነ ቤት እንዲኖራቸው ነው። ቤቱ ለእናትና ለአባት ማረፊያ፥ ለልጆች መሰብሰቢያ፥ ለራስም በእርጅና ዘመን መጠጊያ ይሆናልና ምኞቱ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ብዙ ዓመት የተደከመበት ገንዘብ በአንድ ቀን ፊርማ ሊጠፋ ስለሚችል፥ ስለዚህ ነገር በቤተሰብ ገጻችን ጥቂት ቃል መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

አዊ የፈረስ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ፈረስ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ሰው፥ ደላላው ፈረሱን ምንም ያህል ቢያወድስለት፥ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ፥ ሰኰናውን ሳያነሣ፥ ጥቂትም ሳያስሮጥ የገንዘቡን ቋጠሮ አይፈታም። ቤት ደግሞ በዋጋም በዕድሜም ከፈረስ እጅግ የሚበልጥ ነው። ሆኖም ባሕር ተሻግሮ የሚኖር ሰው ቀርቦ መመርመር ስለማይቻለው የሌላ ሰው ዐይን መዋስ ግድ ይሆንበታል። ይህም የሚዋሰው ዐይን ብዙ ጊዜ የአካባቢው ደላላ ነው።

ደላላ ሁሉ አታላይ ነው የሚል ንግግር በብዙ ሰው አፍ ይሰማል፤ ይህ ግን የተመዛዘነ ፍርድ አይደለም። ደኅና ደላላ ለሩቅ ገዢ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። የትኛው ቤት እንደሚሸጥ ወሬው ሳይወጣ ያውቃል። በዚያው ሰፈር በቅርቡ የተሸጠው ቤት ስንት እንዳወጣ ይናገራል። የትኛው መንደር በክረምት ጎርፍ እንደሚገባበት፥ ውሃና መብራት እስከ የት እንደ ደረሰ፥ በየትኛው ግቢ ላይ ወራሾች እንደሚካሰሱ ያውቃል። ሻጩ ሽማግሌ ቢሆኑ በአውኚ ቋንቋ አጫውቶ ዋጋውን ያለዝባል። የእንጅባራ አገር ደጋ፥ ዝናሙም ብርቱ ስለ ሆነ፥ በበጋ ያማረ ቤት በሐምሌ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል፤ ግድግዳው ከሥሩ መርጠቡን፥ ቆርቆሮው ማፍሰሱን፥ የግቢው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ በዚያው የሚኖር ሰው እንጂ ሌላ አያየውም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በስልክ ቢላክም፥ ሥዕሉ የሚያሳየው ላኪው የመረጠውን ማዕዘን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሲሆን የደላላው ጥቅም ከየት እንደሚመጣ መዘንጋት አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የገለጸው ሻጭንና ገዢን፥ አከራይንና ተከራይን ፈልጎ እንዲዋዋሉ የሚያገናኝ ሰው ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ሥራው ማገናኘት ነው፤ ዋጋውንም በልማድ የሚያገኘው ውሉ ሲፈጸም ነው። ስለዚህ ገዢውን «ይህን ቤት ተወው፥ ነገር አለበት» ብሎ መምከር ለርሱ ከገዛ ኪሱ እንደ መክፈል ነው። ይህን የሚያደርግ እውነተኛ ሰው በርግጥ አለ፤ ነገር ግን ሻጩ የቈረጠውን ዋጋ ሸሽጎ ለሩቁ ገዢ አብልጦ በመንገር ትርፉን ለራሱ የሚያስቀርም አለ። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን ዐውቀው ሥራውን ለይተውታል። በእንግሊዝ አገር ቤት የሚያሻሽጠው ሰው በአብዛኛው የተቀጠረውም የሚከፈለውም በሻጩ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ሰነዱን የሚመረምርለት የራሱን የሕግ ዐዋቂ ይይዛል። በፈረንሳይ አገርም የቤት ሽያጭ ውል የሚጻፈው በደላላው ሳይሆን ከመንግሥት ሥልጣን በተቀበለ አዋዋይ ፊት ነው። ይህ የሥራ መለያየት የመጣው ደላላን ከመናቅ ሳይሆን የሰውን ጠባይ ከማወቅ ነው።

ከዚህም በፊት እጅግ ቀድሞ በኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ማስተዋል ይበቃል። አብርሃም በኬጢ ልጆች ዘንድ መጻተኛ ሳለ ሚስቱ ሣራ ሞተችበት። የመቃብር ቦታ ለመግዛት በፈለገ ጊዜ ባለቤቱን ኤፍሮንን እንዲያነጋግሩለት የአገሩን ሰዎች ለመነ። አማላጆቹ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ 400 ሰቅል ብሩን ግን አብርሃም ራሱ ለኤፍሮን መዘነ፤ ሽያጩም በከተማው በር በሚገቡት ሁሉ ፊት ጸና። መጻተኛው የአገሬውን አንደበት ተዋሰ፤ ገንዘቡንና ውሉን ግን ለማንም አላዋሰም። እኛም ለአንባቢዎቻችን የምንነግረው ይህንኑ ነው፤ ደላላ ዐይን ይሁን እንጂ እጅ አይሁን። የሚያየው፥ የሚፈርመውና ገንዘቡን የሚይዘው አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ስሕተት ቢደረግ የሚያስተውል፥ ተንኰልም ቢደረግ የሚመሰክር አይገኝም።

መጀመሪያ ዐይን ያየውን በመሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሻጩ በስሙ የወጣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ሊኖረው ይገባል፤ የካርታውም እውነተኛነት በከተማው ማዘጋጃ ቤት ካለው መዝገብ ጋር ይመሳከር። ቤቱ ለባንክ መያዣ ሆኖ እንደ ሆነ፥ የፍርድ ቤት እገዳ ቢኖርበት፥ ቦታውም በሊዝ የተያዘ ሲሆን ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብ ቀርቶ እንደ ሆነ በዚያው ይጠየቅ። ያለ ፈቃድ በሌሊት ተሠርቶ በማለዳ የሚገኘውን፥ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለውን የገዛ ሰው ግንቡን እንጂ መብትን አልገዛም፤ መንግሥት ቢያፈርሰው የሚጮኽበት ቦታ የለውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በከተማ ዳር ያለ የእርሻ መሬት ነው። ደላላው «ነገ ከተማ ይደርስበታል፥ ዛሬ በርካሽ ያዘው» ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደንግጓል። ገበሬው መሬቱን ሊያከራይና ሊያወርስ ሕግ ፈቅዶለታል፤ ሊሸጥ ግን አልፈቀደለትም። ስለዚህ ሽያጩን ኪራይ ወይም ስጦታ አስመስሎ የሚጻፍ ወረቀት በአሸዋ ላይ የቆመ ነው። ከተማው በደረሰ ጊዜም ካሣው የሚከፈለው ስሙ በይዞታ ደብተሩ ላይ ለተጻፈው ገበሬ እንጂ በስውር ገንዘብ ለሰጠው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በደላላው ቤት በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ሙግት ያመጣል እንጂ ዕረፍት አይሰጥም። ውሉ ከተፈረመም በኋላ ስሙ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ካልተዛወረ ባለቤትነቱ ለገዢው አልተላለፈም። በውጭ አገር ያለ ሰው ይህን ሁሉ ለማስፈጸም ወኪል ያስፈልገዋል፤ የውክልናውንም ሥልጣን በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አረጋግጦ ይልካል። ጽሑፉ ጠባብ ይሁን፤ የትኛውን ቤት፥ ከማን፥ እስከ ስንት ብር ድረስ እንዲገዛ በግልጥ ይናገር እንጂ «ስለኔ ሆኖ ሁሉን ያድርግ» አይበል። ለመግዛት የተሰጠ ውክልና የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን አይጨመርበት። ወኪሉም ከደላላው ጋር የጥቅም ዝምድና የሌለው፥ የታመነ ሰው ይሁን። ሕጉ ወኪል የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲጠብቅ፥ ሒሳቡንም እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ ሆኖ ወኪልን በእንጅባራ ፍርድ ቤት መክሰስ እንደምን ያለ ድካም እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፥ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻለዋል። ሥራው ሲያልቅ ውክልናው ይሻር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በባንክ በኩል በገዢው በራሱ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ ከዚያም ውሉ በሚፈረምበት ቀን በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይተላለፍ። በደላላው ሒሳብ ወይም በኪሱ አይለፍ። ቀብድ የተጠየቀ እንደ ሆነ ለሻጩ በጽሑፍ ይሰጥ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ያለ ጽሑፍ የተሰጠ ቀብድ ግን ማን ሰጠ፥ ማን ተቀበለ በሚል ክርክር ይጠፋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ የቤቱ ዋጋ በብር ተቈርጦ በውሉ ላይ በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ። «ዛሬ ካልላክህ ሌላ ገዢ ይወስደዋል» የሚል የስልክ ቃል በመጣ ጊዜም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ማስታወስ ነው። የደላላው ድካም ዋጋ ደግሞ ስንት እንደ ሆነ፥ ማን እንደሚከፍለው፥ መቼ እንደሚከፈል ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይወሰን፤ የሚከፈለውም ስሙ ከተዛወረ በኋላ ቢሆን መልካም ነው። በግልጥ የተከፈለ ሰው በስውር ለመውሰድ ምክንያት ያንሰዋል።

አሁን ወደ ቤተሰብ እንመለስ፤ ብዙ እንባ የሚፈሰው በዚህ ነውና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ያስገድዳል። ስለዚህ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ሳትፈርም መግዛት የማይቻል መሆኑን ገዢው ይወቅ፤ «እርሷ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፥ ስትመለስ ትፈርማለች» ሲባልም እስክትመለስ መታገሥ ነው። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ የወራሾቹ ማንነት በፍርድ ቤት የተረጋገጠ፥ ሁሉም የተስማሙበት መሆን አለበት።

በገዢውም ወገን ያለው ነገር ከዚህ አያንስም። በሰው ቤት አሥር ዓመት የሠራች እኅት ገንዘቧን ለወንድሟ ትልካለች፤ ወንድሟም ነገሩ እንዲቀል ብሎ ቤቱን በራሱ ስም ይገዛል። ክፋት አስቦ አይደለም። ነገር ግን ሕግ ባለቤት ነው ብሎ የሚገምተው ካርታው በስሙ የወጣለትን ሰው ነው። ወንድም ያገባል፥ ይወልዳል፥ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ሚስቱና ልጆቹ ቤቱ የአባታችን ነው ቢሉ ያዩትን ተናገሩ እንጂ አልዋሹም። እኅትም ከስደት ስትመለስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ይህ እንዳይሆን ውሉም ካርታውም በባለገንዘቧ ስም ይሁን፤ ባለትዳር ከሆነችም ከባሏ ጋር ተማክራ ታድርገው። ዜግነታቸውን የለወጡ ወንድሞችና እኅቶችም በዘመድ ስም እንዲገዙ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ ተብሎ የሚጠራውን መታወቂያ ለያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በባዕዳን ላይ የነበረውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ክልከላ አንሥቶለታል።

ወንድምን አምኖ በስሙ አለመግዛት አለመውደድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ በጽሑፍ የተለየ ንብረት ዝምድናን ይጠብቃል፥ ያልተለየ ግን የአንድ እናት ልጆችን ዳኛ ፊት ያቆማል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ቤት የሚገዛ ሰው የአገሩን ደላላ ይፈልግ፥ ያክብረው፥ የድካሙንም ዋጋ ይክፈለው፤ ፊርማውን ለታመነ ወኪል፥ ገንዘቡን ለባንክ፥ ስሙንም ለራሱ ያድርግ። እንዲህ የተገዛ ቤት ለወላጆች ማረፊያ፥ ለልጆችም ያለ ክርክር የሚተላለፍ ውርስ ይሆናል።