ገበሬዎቹ የቀበሩት ኢንተርኔት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገጠር ላሉ እናትዎ በቪዲዮ ደውለው ያውቃሉ? ፊታቸው ብቅ ይላል፤ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብለው ሳይጨርሱ ምስሉ ይደርቃል። ድምፃቸው ተቆራርጦ ይደርስና ይጠፋል። በመጨረሻ «በቃ፣ በተራው ስልክ ልደውል» ብለው ይዘጉታል። ልጆችዎ አያታቸውን የሚያውቋቸው በእነዚህ የደረቁ ምስሎች ከሆነ ይህ ጽሑፍ እርስዎንም ይመለከታል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ መንደር ከኩባንያ ዕቅድ እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። በአንድ በኩል የኬብሉ ወጪ፣ በሌላ በኩል በኪሎ ሜትር የሚገኘው የደንበኛ ብዛት ይቀመጣል። ከተማ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ኬብል ሕንጻ በሕንጻ እየገባ ብዙ ቤት ያዳርሳል፤ ገጠር ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት ቢያገኝ ነው። ሒሳቡ ኪሳራ ያሳያል፤ መንደሩም «ለሚቀጥለው ምዕራፍ» ይተላለፋል። ለዚያ ምዕራፍ ቀን የሚቆርጥለት ግን የለም።

ይህ የደሃ አገር ጣጣ ብቻ ከመሰለዎት ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ ወደ ላንክሻየር ልውሰድዎ። አካባቢው ኮረብታና የድንጋይ አጥር የበዛበት፣ በግና ከብት የሚረባበት ነው። እዚያ የሚኖሩት የገበሬ ባለቤት ወይዘሮ ክሪስ ኮንደር ጎረቤታቸው ኢንተርኔት የሚያገኘው በአየር በሚመጣ ሞገድ ነበር። ከዓመታት በኋላ በመካከል ያሉት ዛፎች አደጉና ሞገዱን ጋረዱት። ሌላ አማራጭ የሚያቀርብ ድርጅት ባለመኖሩ ወይዘሮዋ አንድ ኪሎ ሜትር ፋይበር ኬብል ገዙ፤ በእርሻ ትራክተራቸው ቦይ አስቆፍረው ኬብሉን ቀበሩት፤ ሁለቱን እርሻዎችም አገናኙ። መሐንዲስ አልነበሩም። ኬብሉ ግን ሠራ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ መንደር ለመንደር የተዛመተው። እ.ኤ.አ. በ2011 በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ በኔትወርክ ሙያ የሠሩት ባሪ ፎርድ፣ ወይዘሮ ኮንደርና ሌሎች ነዋሪዎች አንድ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ሙሉ ስሙ «ብሮድባንድ ፎር ዘ ሩራል ኖርዝ» ነው፤ በምኅጻረ ቃል ሲጠሩት «ባርን» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ የእርሻ ጎተራ ማለት ነው። (በሙያዬ ብዙ የንግድ ስም አይቻለሁ፤ እንዲህ ለባለቤቶቹ የሚመጥን ግን ጥቂት ነው።)

የገንዘቡን ነገር ልንገርዎ፤ እኔን የሳበኝ እሱ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ አንድ አንድ ፓውንድ ሲሆን ቢያንስ መቶ መግዛት ያስፈልግ ነበር። መቶ የገዛም ብዙ ሺሕ የገዛም በስብሰባ ላይ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ለንግድ ትምህርት ቤት ምሩቅ ግን ለየት ይላል። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ቦይ ቆፍሮ የጉልበቱን ዋጋ በአክሲዮን መውሰድ ይችል ነበር።

ወጪውን በእጅጉ የቀነሰው ደግሞ መሬቱ ነው። መንገድ ዳር መቆፈር ማለት አስፋልት መስበር፣ ትራፊክ ማስቆም፣ መልሶ መጠገን ነው። በእርሻ መሐል መቆፈር ከዚህ እጅግ ይረክሳል፤ ባለመሬቱ ግን መፍቀድ አለበት። ኩባንያ ቢጠይቀው ካሣ ይፈልግ ይሆናል። የጠየቀው ጎረቤቱ ሲሆን፣ የሚያልፈው ኬብልም ለራሱ ቤት ጭምር ሲሆን፣ ባለመሬቶቹ በነፃ ፈቀዱ። አንዱ ትራክተር አመጣ፣ ሌላው አካፋ ይዞ ወጣ፣ ኬክ ጋግረው ወደ ማሳው ያመጡም ነበሩ። ጠላና ንፍሮ ቢጨመርበት ደቦ ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

የተቀበረው መጀመሪያ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ፋይበሩ በኋላ በታመቀ አየር ተገፍቶ በውስጡ ያልፋል። ነዋሪዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠነውን መስታወት በሙቀት መቀጠልም ተማሩ። ያገኙት ፍጥነት በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ሲሆን ክፍያው ለዓመታት በወር 30 ፓውንድ ነበር። ከፍጥነቱ በላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የሚልኩበት ፍጥነት ከሚቀበሉበት እኩል ነው። ብዙ የቤት ኢንተርኔት ለመቀበል ይፈጥናል፣ ለመላክ ግን ይጎተታል። ቪዲዮ ላይ ፊትዎ ለሌላው ሰው የሚደርቀው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ዛሬ ከ10,000 በላይ ቤቶችና ድርጅቶች በዚህ መረብ ተገናኝተዋል።

ነገሩን ሁሉ ማር ላድርገው አልልም። እያንዳንዱ መንደር ኬብሉ ከመድረሱ በፊት የራሱን ገንዘብ ማሰባሰብ ነበረበት። ቤት ለቤት የሚያንኳኳ፣ የሚያግባባ፣ ዝናብ ውስጥ የሚቆም ሰው ያጣ መንደር ይጠብቃል ማለት ነው። ነፃ ጉልበትም ይደክማል። የከተማ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴ መሰብሰብ እንዴት እንደሚከብደው ያውቃል፤ እነዚህ ግን ላሞቻቸውን አልበው ነበር ወደ ቦዩ የሚመለሱት።

«ታዲያ ለእኛ ገጠር ይሆናል?» ቢሉኝ፣ እንዳለ መቅዳት የሚቻል አይመስለኝም። እኛ ጋ የቴሌኮም አገልግሎት ለመስጠት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። መብራት ያልገባበት ቀበሌም ብዙ ነው። በጋራ መሥራቱን ግን ማንም አያስተምረንም፤ ቡናን በኅብረት ሥራ ማኅበር እየሸጥን የኖርን ሰዎች ነን። የጎደለው ይህን ልምድ ወደ ኬብልና አንቴና የሚወስድ የሕግ በርና የመነሻ ሙያ ይመስለኛል።

ለዚህ ከላንክሻየር ይልቅ የደቡብ አፍሪካዋ ማንኮሲ ትቀርበናለች። ማንኮሲ በምሥራቅ ኬፕ፣ በባሕሩ ዳርቻ አካባቢ የምትገኝ የኮረብታ ላይ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው «ዜንዜሌኒ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ በኮሳ ቋንቋ «ራሳችሁ ሥሩት» ማለት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲመዘገብ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ከፍቃድ ግዴታ ነፃ አደረገው። ቦይ አልቆፈሩም፤ አነስተኛ የሞገድ መሣሪያዎችን በነዋሪዎች ቤት ላይ ተክለው እርስ በርስ አያያዟቸው።

መብራት ስላልነበረ መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በፀሐይ ኃይል ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የመጀመሪያ ገቢም ከኢንተርኔት አልመጣም። ከዚያው የፀሐይ ኃይል የጎረቤቶቻቸውን ስልክ በትንሽ ሳንቲም ቻርጅ እያደረጉ ነው የጀመሩት።