መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?

[ድምፅ፦ የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል። በር ይከፈታል፤ ስም ይጠራል።]

ተራኪ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተራዋን ትጠብቃለች። የታዘዘላት በባዶ ሆድ የሚደረግ የስኳር ምርመራ ነው። በዋዜማው ተደውሎላት «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ተብላለች። እሷም የተባለችውን አድርጋለች። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስታ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ በሶዋን በጥብጣ ጠጥታ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ኩባያዋን አጥባ አስቀምጣለች።

ደዋዩ የፈረንጁን 12 ሰዓት ማለቱ ነበር፤ እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የምንለውን። እናቴ የሰማችው ግን ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን 12 ሰዓት ነው፤ ሊነጋጋ ሲል፣ ወፍ ሲንጫጫ ያለውን።

ሰማያዊ የክሊኒክ ልብስ የለበሰች ወጣት ወደ ውስጥ አስገባችን። የአገር ልጅ ናት።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ሙሉ ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ።»

«እኔማ የተወለድኩት በኅዳር ሚካኤል ነው፣ ልጄ።»

«ይባርክልዎት። ወረቀቱ ላይ ያለውስ?»

ወረቀቱ ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 ነው። የልደት ቀናቸው በውል ሳይመዘገብ ወደዚህ አገር ለገቡ ብዙ ሰዎች እንደዚያ ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ልጅቷ ስሙንም ቀኑንም ከትእዛዙ ጋር አመሳከረች። ጓንቷን አጠለቀች፤ የእናቴን እጅጌ ሰበሰበች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። በሶ ነው የቀመስኩት።»

«ማታ ነው ወይስ ሌሊት?»

«ሌሊት ነዋ! ከ12 በፊት አይደል ያላችሁኝ?»

ልጅቷ መርፌውን ወደ ትሪው መለሰች። ለዚህ ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ሙሉ ከምግብ መታቀብ ያስፈልጋል። በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር የስኳር በሽታ ምልክት ተብሎ ይያዛል። የእናቴ በሶ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላውም። ደሟ ያኔ ተቀድቶ ቢሆን ሐኪሟ የሚያነበው ቁጥር የበሽታዋ ይሁን የበሶዋ ማንም አይለየውም ነበር።

[ሙዚቃ፦ ክራር፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ይቀንሳል]

ተራኪ፦
ይህች ወጣት ሜዲካል አሲስታንት ናት። በአሜሪካ ክሊኒክ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት የምታገኙት፣ ከወጣም በኋላ የምትሸኛችሁ ሰው ናት። ክብደት ትመዝናለች፣ ግፊት ትለካለች፣ ደም ትቀዳለች፣ ክትባት ትወጋለች፣ የልብ ምርመራ ታነሳለች፤ ስልክ የምታነሳውም ቀጠሮ የምትይዘውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት። የሙያው አገር አቀፍ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የእኛ ሰው ግን ስለዚህ ሙያ ሲያወራ «ለጊዜው ነው» ይላል። ይህን ቃል ቁጥሩ እስኪጠፋኝ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያች ጠዋት ወዲህ ግን ጆሮዬን ይከረክረኛል።

በዚያው ሳምንት፣ ትምህርቱ ከምን እንደተሠራ ለማየት አንድ የማታ ክፍል ገባሁ።

[ድምፅ፦ ወንበር ሲሳብ፤ ጓንት ሲለበስ]

ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ክንድ ተጋድሟል። ከቆዳው ሥር ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ በቱቦዎቹ ቀይ የተቀለመ ውሃ ያልፋል። አንዲት ተማሪ ከክርኑ መታጠፊያ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ማሰሪያውን ሸብ ታደርጋለች። ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ደሙ እዚያው ይወፍርና ውጤቱ ይዛባል። በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች። ደም ሥር በዓይን ከመፈለግ በጣት መፈለግ ይሻላል፤ ሲጫኑት ነጠር የሚለው እሱ ነው። መርፌው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ጋደል ብሎ ይገባል።

መርፌው ገባ። ቀዩ ውሃ ወደ ብልቃጡ ፈሰሰ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። አስተማሪዋ ግን አላጨበጨበችም። ተማሪዋ በያዘችው ብልቃጥ ላይ ሐምራዊ ክዳን አይታለች።

የደም ብልቃጦች በክዳናቸው ቀለም ይለያሉ፤ የሚሞሉበትም ተራ አላቸው። ውሃ ሰማያዊው ይቀድማል፤ ከዚያ ቀዩ ወይም ወርቃማው፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ሐምራዊው፤ ግራጫው መጨረሻ ነው። ሐምራዊው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ፖታሲየም ያለበት ንጥረ ነገር አለ። ከዚያ ጠብታ ታህል በመርፌው በኩል ወደ ቀዩ ብልቃጥ ከተሻገረች፣ የታማሚው ፖታሲየም ከፍ ብሎ፣ ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ይታያል። ፖታሲየም ከፍ ማለት ልብን ሊያቆም የሚችል ነገር ነው። ጤነኛው ሰውዬ እራቱን እየበላ ሳለ «ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ» የሚል ስልክ ይደወልለታል። መነሻው የቀለም ተራ መሳት ነው።

ተማሪዋ ክንዱን አጽድታ እንደገና ጀመረች። ሐምራዊውን ስትሞላ እንዳትነቀንቀው፣ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ በቀስታ እንድትገለብጠው ተነገራት፤ ከተናጠ የደም ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። የታካሚው ስም የሚለጠፈውም ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ታካሚው ከፊቷ ሳይነሳ ነው። ቀድሞ ስም የተለጠፈበት ባዶ ብልቃጥ የሌላ ሰው ደም ሊገባበት ይችላል።

በሌላው ጥግ ግፊት ይለካል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ማሽኑ ራሱ ቁጥሩን ያወጣው የለ? ነገር ግን ታካሚው አምስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ረግጦ፣ ሳይነባበር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል መሆን አለበት። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከታሰረ ቁጥሩ ያለ በሽታ ከፍ ይላል። ወሬም ከፍ ያደርገዋል። የኛ ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው፤ «ልጆችስ? ሥራስ? አገር ቤትስ ሰላም ናቸው?» ሳይባባሉ መጀመር ነውር ነው። ከአበሻ አዛውንት ጋር የሚሠሩ አንድ የክፍሉ ተማሪ ዘዴያቸውን ነገሩኝ፦ ሰላምታውን ሙሉ በሙሉ ጨርሰው፣ «አሁን ለትንሽ ጊዜ ዝም እንበል፣ አባባ» ብለው ነው መጠቅለያውን የሚያስሩት።

[ሙዚቃ፦ አጭር መሸጋገሪያ]

ተራኪ፦
ወደ ገንዘቡና ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በሙሉ ጊዜ የሚሰጠው የሰርተፊኬት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይሞላም፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ዲግሪ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ ከሜዲካል አሲስታንቶች ግማሾቹ በዓመት ከ44,200 ዶላር በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኙ ነበር። ለተመዘገበ ነርስ ይኸው ቁጥር 93,600 ነበር። ልዩነቱን መደበቅ አያስፈልግም።

በብዙዎቹ ግዛቶች ሜዲካል አሲስታንት ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ሲያትል በምትገኝበት በዋሽንግተን ግዛት ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጤና ቢሮው ምዝገባ ግዴታ ነው። ፈቃድ በማይጠየቅበትም ቦታ ቀጣሪዎች የብቃት ፈተና ያለፈ ሰው ይመርጣሉ። በጣም ከሚታወቁት አንዱ ሲኤምኤ የሚባለው ነው፤ 200 ጥያቄ በ160 ደቂቃ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በተለመደው መንገድ ለሲኤምኤ ፈተና ለመቀመጥ ትምህርት ቤቱ ካሄፕ ወይም ኤብሄስ በሚባሉት ሁለት አካላት ዕውቅና የተሰጠው መሆን አለበት። አንድ ዘመዴ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ ያጠራቀመውን ከፍሎ ከተማረ በኋላ ነው ይህን የሰማው። የምረቃ ፎቶው ሳሎኑ ተሰቅሏል፤ ለዚያ ፈተና ግን መቀመጥ አልቻለም። ሌሎች ፈተናዎች ስላሉ መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋበትም፤ ያ ሁሉ ሌሊት ግን አይመለስም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዕውቅናውን ከማን እንዳገኙ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ተግባር ልምምዱንም ጠይቁ። ዕውቅና ያለው ትምህርት ቢያንስ 160 ሰዓት እውነተኛ ክሊኒክ ውስጥ ያሠራል። «ቦታውን ራሳችሁ ፈልጉ» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አትክፈቱ።

በዚያ የማታ ክፍል አገር ቤት ነርስ የነበሩ ሰዎችም ተቀምጠዋል። ሰላምታ አጨራረሱን የነገሩኝ ሰው ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ለዓመታት በወረዳ ጤና ጣቢያ አዋልደዋል። ማስረጃቸው ተገምግሞ የነርስ ፈተና እስኪያልፉ ጊዜ ይፈጃል፤ ቤት ኪራይ አይጠብቅም። የከበዳቸው መርፌው አልነበረም። ሜዲካል አሲስታንት በሽታ አይመረምርም፣ «ይህ እንዲህ ነው» ብሎ አይመክርም፤ የሰማውን መዝግቦ ለሐኪሙ ያስተላልፋል። «አፌን መያዝ ነው የተማርኩት» አሉኝ። ስቀው አልነበረም።

ይኸው ጥንቃቄ ለቋንቋም ይሠራል። እናቶቻችን ወገባቸውን ይዘው «ኩላሊቴን» ይላሉ፤ «ምች መታኝ» ይላሉ። ቃል በቃል የተተረጎመ እንደሆነ ሐኪሙን የሌለ በሽታ ፍለጋ ይልከዋል። እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ መሠረት የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሕክምና ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጓል። አማርኛ የምትናገር ሜዲካል አሲስታንት ለማስተርጎም ለብቻው ካልሠለጠነችና ካልተፈተነች፣ ሐኪሙ ምርመራውን ሲያስረዳ አስተርጓሚ መጥራት አለባት። የእናቴን በሶ ያወቀችው ግን በራሷ ሥራ ውስጥ ነው፤ የታዘዘችውን ጥያቄ ጠይቃ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰምታ።

[ድምፅ፦ የክሊኒኩ በር]

ተራኪ፦
እናቴ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ማታ በ2 ሰዓት ራቷን በልታ፣ ከዚያ ወዲህ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ያችው ልጅ ተቀበለችን። ስሟን ጠየቀቻት። ቀኑን ጠየቀቻት፤ እናቴ «ጃንዋሪ አንድ» አለች፣ እንደ ተማሪ። ወንበሩ ላይ አረፍ ብላ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች።

«መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ እማማ?»

«አሁንም ትጠይቂኛለሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ማታ ነው ወይስ ሌሊት?»