ያውቁ ኖሯል? ባትሪን የሚጎዳው ቆላው፣ የሚያጋልጠው ደጋው ነው
የሸዋ ሮቢት ሙቀት የሞተርሳይክል ባትሪን ከደጋው ብርድ ይልቅ ቶሎ ያስረጀዋል። ሙቀቱ በባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ እንዲተን፣ የእርሳስ ሳህኖቹም ቶሎ እንዲበሉ ያደርጋል። የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል የሚባለው ለዚህ ነው። ጉዳቱ እዚያው ቆላው ላይ ላይታይ ይችላል፤ በሞቃት አገር ሞተር በቀላሉ ይነሳል። የጣርማበርን ዳገት ወጥተው ደብረ ብርሃን ሲያድሩ ግን ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይቱንም ያወፍራል። ማለዳ እስታርተሩ «ቀጭ ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል።

አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የገመዶቹን ጫፍ ያጥብቁና የባትሪውን ቮልት ይለኩ። ቻርጅ ተደርጎ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ እስታርተሩ ሲጫን ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጡት ንባቡ ከ13.5 እስከ 14.5 ይሁን። ዋናው ልኬት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ አዲሱንም ይገድለዋል። እስታርተሩ በኃይል እየዞረ ሞተሩ እንቢ ካለ ባትሪውን ይተዉትና ካንዴላውንና ቤንዚኑን ይመልከቱ።