የማይነበበው ደብተር

በጅቡቲ ከተማ የሚያድግ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በሁለት ትምህርት ቤቶች ያልፋል። አስቀድሞ በሰፈሩ ቁርኣን ቤት ተቀምጦ የዐረብኛን ፊደል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይማራል፤ ማታም ወደ ቤቱ ተመልሶ የቃል ጥናቱን ሲደግም እናቱ ሰምታ ልታርመው ትችላለች። ስድስት ዓመት ሲሞላው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል፤ በዚያ ግን ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977) ነጻ ከወጣች በኋላም ይህ ቋንቋ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል። በየቤቱ የሚነገረው ግን ሱማልኛና አፋርኛ፥ ከኢትዮጵያ በሄዱትም ዘንድ አማርኛና ኦሮምኛ ነው።

እንግዲህ ትናንት የልጇን ስሕተት ታርም የነበረችው እናት፥ ዛሬ ደብተሩን ገልጣ ከማየት በቀር ልታደርግ የምትችለው ነገር የለም። «እኔ ምን አውቄ፤ መምህሩ ያውቃል» ብላ ትተወዋለች። ይህን አንዳንዶች ቸልተኝነት ይሉታል፤ እኛ ግን ማፈር ነው እንላለን። በ1992 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000) የወጣው የትምህርት ሕግ ልጆች ከ6 እስከ 16 ዓመት ዕድሜያቸው እንዲማሩ ያስገድዳል፤ ይሁን እንጂ ሕግ ልጁን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሰዋል እንጂ ደብተሩን ለእናቱ አያነብላትም።

የአባቶች ሐሳብ ሌላ ነው። ቀድሞ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው በወደቡ ወይም በምድር ባቡሩ ጽሕፈት ቤት ሥራ ያገኝ ስለ ነበር፥ ትምህርት ማለት ደመወዝ ማለት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ዛሬ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሥራ ፈት የሆነ ወጣት ሲያዩ፥ «ታላቁ ተምሮ ምን አመጣ?» በማለት ታናሹን ለማስተማር ያመነታሉ። በቤት የሰው እጅ ባነሰ ጊዜም አስቀድማ ከትምህርት የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት። እነዚህን አባቶች ለመውቀስ አንቸኩልም፤ ነገር ግን ሒሳባቸው የጎደለ ነው። ያልተማረው ታናሽ ከተማረው ታላቅ የተሻለ ሥራ አያገኝም፤ የሐኪም ትእዛዝ፥ የኪራይ ውል ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ በመጣ ቀን ደግሞ ለቤተሰቡ የሚያነብለት ይታጣል።

ፈረንሳይኛ የማታውቅ እናትም ልጇን «ዛሬ የተማርኸውን በሱማልኛ ንገረኝ» ልትለው ትችላለች። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊያስረዳት ካልቻለ ትምህርቱ አልገባውም ማለት ነው፤ ይህንንም ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ትምህርት ቤቶችም ሊያደርጉት የሚገባ አለ። ስለ ልጁ መቅረት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ቤት ሲላክ፥ ለእናቱ አንብቦ የሚተረጉምላት ያው የቀረው ልጅ ነው፤ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ለአንባቢ እንተዋለን። ከመምህራኑ ብዙዎቹ የአገሩ ተወላጆች ስለ ሆኑ፥ ወላጆችን ጠርተው በየቋንቋቸው ቢያነጋግሯቸው ከደብዳቤው ወጪ የበለጠ አያስከፍልም።