የሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና፦ የሚወስነው ኮርኒያው ነው

ከመነጽር ለመገላገል የሚያስብ ሰው ስለ ሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው «ያማል ወይ?»፣ «ስንት ያስከፍላል?»፣ «መሣሪያው አዲስ ነው ወይ?» የሚሉትን ነው። ሁሉም መልስ ይገባቸዋል። ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን «ከኮርኒያዬ ላይ ከተቀነሰ በኋላ የሚበቃ ይተርፈኛል ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ሕክምና ሕመም ከሌለበት አካል ላይ ቀንሶ መጣል ነው፤ የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ሰው ቁርጡን መወሰን ያለበት የምርመራው ውጤት በእጁ ከገባ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ምርመራው «አይሆንም» ብሎ ከመለሰውም ገንዘቡ ባክኗል አይባልም፤ ዓይኑን አትርፎለታል።

ኮርኒያ ከዓይናችን ጥቁሩ ክፍል ፊት ለፊት ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን ነው። ውፍረቱ መሃሉ ላይ በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ማለት ነው። ያም ሆኖ ዓይን ብርሃንን ከሚሰብርበት ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል የእሱ ነው። የሩቁ የሚደበዝዝበት ሰው፣ ማለትም ማዮፒያ ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ከመጠን በላይ ረዝሞ ብርሃኑ ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ላይ ሳይደርስ የሚሰበሰብበት ነው። ሌዘሩ የኮርኒያውን መሃል አሳስቶ ጠፍጠፍ ሲያደርገው ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ያርፋል። የረዘመው ዓይን ግን እንደረዘመ ይቀራል።

ኤክሳይመር የሚባለው ይህ ሌዘር ለዓይን ታስቦ የተሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፣ ጄምስ ዊን እና ሳሙኤል ብለም ከምስጋና ቀን ማዕድ በተረፈ፣ ተርኪ በተባለው ወፍ ሥጋ ላይ ሞከሩት። ጨረሩ ዙሪያውን ሳያሳርር ጥርት አድርጎ ቆረጠው። በአርጎንና በፍሎሪን ጋዝ የሚሠራው ሌዘር የሚያወጣው የ193 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ጨረር የሞለኪውሎችን ትስስር በጥሶ ስለሚያተን፣ በእያንዳንዱ ምት የሚያነሳው የማይክሮን ሩብ ገደማ ብቻ ነው። በ1983 የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮኬል ይህ ጠባይ ለኮርኒያ እንደሚሆን አሳየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሌዘሩን ፒ.አር.ኬ. ለተባለው ሕክምና የፈቀደው በ1995 ነው።

ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ላሲክ እንዲህ ይሠራል። ዓይን በጠብታ ይደነዝዛል፤ ሽፋሽፍቱ እንዳይከደን በመያዣ ይያዛል፤ አንድ ቀለበት ዓይኑን ስቦ ሲጨብጠው ለጥቂት ሰከንዶች እይታ ይጨልማል። በዚያ ቅጽበት ሌላ ሌዘር ከኮርኒያው ላይ 110 ማይክሮን ገደማ የሚሆን ስስ ክዳን ይቆርጣል፤ በአንድ ጎኑ ግን ተያይዞ እንዲቀር ይተወዋል። ሐኪሙ ክዳኑን ገልጦ ታካሚው ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ትክ ብሎ እንዲያይ ይነግረዋል። ከዚያ የኤክሳይመሩ ተከታታይ ድምፅ ይሰማል፤ የተለበለበ ፀጉር የሚመስል ሽታም ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያበቃና ክዳኑ ያለ ስፌት ይመለሳል። በማግስቱ ብዙ ሰው ያለ መነጽር ያያል። በፒ.አር.ኬ. ክዳን አይቆረጥም፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ተፍቆ እስኪተካ ጥቂት ሕመም ያለባቸው ቀናት ያልፋሉ፤ እይታው እስኪጠራም ሳምንታት ይወስዳል። ስማይል የሚባለው ደግሞ ከኮርኒያው ውስጥ ስስ ቁራጭ ለይቶ በጠባብ ቀዳዳ ያወጣል።

ሦስቱም ግን የሚቀንሱት ከአንድ ቦታ ነው፤ ኮርኒያ ገቢ የሌለው፣ ወጪ ብቻ ያለው ሂሳብ ነው። ለአንድ ዳይኦፕተር፣ ማለትም ለአንድ የመነጽር ቁጥር፣ ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ገደማ ይነሳል። ኮርኒያው 550 ማይክሮን የሆነና የመነጽሩ ቁጥር 4 የሆነ ሰው ላሲክ ቢሠራ 110 ለክዳኑ፣ 60 ለእርማቱ ወጥቶ ከክዳኑ ሥር 380 ይቀረዋል፤ ይህ ምቹ ነው። ኮርኒያው 490 የሆነና ቁጥሩ 8 የሆነ ሰው ግን በዚሁ ስሌት 260 ብቻ ይተርፈዋል። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የያዙት ዝቅተኛ ወለል 250 ነው፤ ብዙዎች ዛሬ ከ300 በታች መውረድ አይፈልጉም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ማስታወቂያ አይተው፣ ለአንድ መሣሪያ እኩል ቢከፍሉም የሚገቡበት አደጋ እኩል አይደለም።

ውፍረት ብቻውንም አይበቃም፤ ቅርፁ ይታያል። ኬራቶኮነስ የሚባለው በሽታ ኮርኒያን እያሳሳ ወደፊት ያሾለዋል። ገና ሲጀምር ታካሚው ምንም ላይታወቀው ይችላል፤ የሚያጋልጠው የኮርኒያ ካርታ የሚያነሳው ቶፖግራፊ ነው። በዚህ ዓይን ላይ ላሲክ መሥራት የደከመውን ማዳከም ነው። በልጅነቱ በብርቱ የዓይን አለርጂ የተሠቃየ፣ ዓይኑን አጥብቆ የማሸት ልማድ ያለው፣ ወይም በየዓመቱ የመነጽር ቁጥሩ የሚለዋወጥበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር አለበት። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግም ከምርመራው በፊት ለስላሳውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ማውለቅ አለበት፤ ሌንሱ ኮርኒያውን ስለሚጫነው ልኬቱ ሐሰት ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ማስፈራራት ነው፤ የተሠሩት ደስተኞች አይደሉም እንዴ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥም የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ከ95 በመቶ በላይ ተሳታፊዎች በእይታቸው መርካታቸውን አሳይቷል፤ ከእይታ ችግር የተነሳ ዕለታዊ ሥራ እጅግ የከበዳቸው ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ቀድሞ ምንም ያልነበረባቸው እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት ከሦስት ወር በኋላ ቢያንስ አንድ አዲስ የእይታ ምልክት አስተውለዋል፦ በሌሊት መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን፣ ጨረር፣ ድርብ ምስል። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ መያዝ ይገባል፤ ሰው ረክቶም መብራቱ ሊበተንበት ይችላል። ለጸሐፊ ይህ ቀላል ነው፤ ሌሊት አገር አቋራጭ ለሚነዳ ሾፌር ግን እንጀራው ነው። የዓይን ድርቀትም እንዲሁ ነው፤ ክዳኑ ሲቆረጥ እንባን የሚያዙት ነርቮች አብረው ይቆረጣሉ፤ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ቢመለሱም ቀድሞ ደረቅ የነበረ ዓይን ይብስበታል።

ሌላው ክርክር ኮንታክት ሌንስም ከአደጋ ነጻ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሌንሱን አድርጎ የሚተኛ ወይም በቧንቧ ውሃ የሚያጥብ ሰው ኮርኒያን የሚበላ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሌዘሩ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ልኬቱ ከፈቀደ። ስማይልም ነርቭ የሚቆርጠው በጥቂቱ ስለሆነ ድርቀቱ ይቀንሳል፤ ለሳሳ ኮርኒያ ግን ውፍረት አይጨምርለትም። ቁጥሩ ከፍ ላለ ሰው ኮርኒያውን ሳይቀንሱ ዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስም አለ፤ የራሱ አደጋ ቢኖረውም ካስፈለገ መውጣት ይችላል።

ዕድሜም ከሂሳቡ አይወጣም። የ19 ዓመት ወጣት ቁጥሩ ገና ካልረጋ ሌዘሩ የሚያርመው የዛሬውን ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ትቆይ። ከ40 በኋላ ደግሞ የውስጠኛው ሌንስ እየጠነከረ የቅርቡ ይደበዝዛል፤ ሌዘሩ ያን ሌንስ አይነካውም። ቁጥሯ 2 የሆነ የ45 ዓመት ሴት ዛሬ መነጽሯን አውልቃ ክር መርፌ ውስጥ ታስገባለች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ለሩቁ ከተስተካከሉ በኋላ ግን ለመርፌው መነጽር ያስፈልጋታል። ይህን ሳይነገራት የተሠራች ሴት ተታልላለች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የተሠራ ሰው ደግሞ በየሄደበት የዓይን ክሊኒክ መሠራቱን መናገር አለበት። የሳሳ ኮርኒያ ላይ የዓይን ግፊት ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል። ከዓይን ግፊት ጋር የተያያዘው ግላኮማ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ በብዛት የሚታይና ሳያሳምም እይታ የሚሰርቅ በመሆኑ፣ ይህ ዝቅ ያለ ቁጥር ሐኪሙን ሊያዘናጋ ይችላል። ዓይኑ እንደረዘመ ስለቀረም የሬቲና መላቀቅ ስጋት በቀዶው አይጠፋም፤ የብልጭታና የጥቁር ነጠብጣብ መብዛት ሲታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በዕድሜ የሞራ ግርዶሽ ሲመጣ የሚተከለው ሌንስ ኃይል የሚሰላው በኮርኒያው ቅርፅ ነው፤ የተቀረፀ ኮርኒያ ደግሞ የተለመደውን ስሌት ያዛባል። ስለዚህ ከቀዶው በፊት የተለካው ውፍረት፣ ጉብጠትና የመነጽር ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ለታካሚው ሊሰጠው ይገባል፤ ክሊኒኩ ከ30 ዓመት በኋላ ላይኖር ስለሚችል ወረቀቱን ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር ያስቀምጠው።