ተክቢራውና ምስሉ ለምን አይገጥሙም? አንድ ድምፅ ለብዙ ስክሪን
(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ)

የዛሬው ርዕሳችን የመብራትና የድምፅ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሶላታችን ጋር የሚገናኝ በመሆኑ ትንሽ ታገሱን።

እናቴ አንድ ጊዜ ከጁሙዓ ስትመለስ ግራ ተጋብታ አገኘኋት። የሴቶች መስገጃው ፎቅ ላይ ነው፤ ኢማሙን የሚያሳዩ ሦስት ስክሪኖች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። «ልጄ፣ ተክቢራውን ሰምተን ስንጎነበስ ስክሪኑ ላይ ያሉት ኢማም ገና ቆመዋል። ግማሹ ሰው ድምፁን፣ ግማሹ ምስሉን ይከተላል። እኔ ማንን ልከተል?» አለችኝ። ኢማም የተደረገው ሊከተሉት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ከርሱ መቅደም ደግሞ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፁና ምስሉ ከአንድ ሰው ቢነሱም በተለያየ መንገድ ነው የሚጓዙት። ድምፁ ከማይክራፎን ወደ አምፕሊፋየር፣ ከዚያም በገመድ ወደ ስፒከር ይሄዳል፤ በገመድ ውስጥ ሲያልፍ የሚያጠፋው ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ምስሉ ግን በየደረጃው ይቆማል። ካሜራው ይጨምቀዋል፣ መቅጃው ይፈታዋል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ቀለሙንና እንቅስቃሴውን አሳምሮ ለማሳየት ጥቂት ይይዘዋል። በተለይ ለጥበቃ ተብለው የሚሸጡት የኔትወርክ ካሜራዎች ምስሉን ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊያዘገዩ ይችላሉ። እናቴ የሰገደችበት መስጂድ ችግርም ይኸው ነበር።

የሰው ጆሮና ዓይን ምን ያህል ይታገሣሉ? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው መመሪያ መሠረት ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ሰው መለየት ይጀምራል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ልብ አይለውም። (አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊ ሰከንድ ነው።) ምክንያቱ አይገርምም። ማዶ ያለ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያውን አስቀድመን እናያለን፣ ድምፁ በኋላ ይደርሳል። ድምፅ ሲዘገይ ለምደነዋል፤ ሲቀድም ግን ከተፈጥሮ ውጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ፦ የዘገየውን ማፍጠን አይቻልም፣ የቀደመውን ግን ማስጠበቅ ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምስሉን መንገድ አሳጥሩ። ኔትወርክ ካሜራውን ትታችሁ ተራ የቪዲዮ ካሜራ በገመድ በቀጥታ ወደ ማከፋፈያው (ስፕሊተር የሚባለው) አገናኙ። ስክሪኖቹ አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁኑ፤ የተለያዩ ከሆኑ እርስ በርሳቸውም አይገጥሙም። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም» የሚል ምርጫ ካለ እርሱን ክፈቱ፤ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ምስሉን ሳያቆይ ያሳልፋል። ከዚያ የሁሉንም ቴሌቪዥኖች ድምፅ ዝጉ። አዎ፣ የሁሉንም! ሦስት ስክሪን በሦስት አፍ ሲናገር ማንም ባለሙያ አያስማማውም። ድምፁ ከአንድ ምንጭ፣ ከዚያው ከመስጂዱ ሚክሰር ብቻ ይውጣ።

የቀረውን ልዩነት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ወንድም ካሜራው ፊት፣ ማይክራፎኑ አጠገብ ቆሞ አንዴ ያጨብጭብ። ሌላው ፎቅ ላይ ሆኖ ስክሪኑን በስልኩ ይቅረጽ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩ ጭብጨባው ከተሰማ በኋላ እጆቹ የተገናኙት ከ4 ምስል በኋላ ቢሆን ልዩነቱ 130 ያህል ነው። ይህንን ቁጥር ወደ ፎቁ በሚሄደው ድምፅ ላይ በሚክሰሩ «ዲሌይ» ታስገባላችሁ። ዲጂታል ሚክሰሮች ይህ አላቸው፤ አሮጌዎቹ ከሌላቸው ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ሣጥን አለ።

ለዒድ ሶላት በሜዳ ስንሰበሰብ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስክሪን ባይኖርም እንኳ ተክቢራው ሁለት ጊዜ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 100 ሜትር ለመሄድ ወደ 0.3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኋላ የተተከለው ሞንታርቦ ግን ድምፁን በገመድ ወዲያው ያወጣል። ስለዚህ ኋላ ያለ ሰጋጅ መጀመሪያ አጠገቡ ካለው ስፒከር፣ ቀጥሎ ከፊት ካለው ይሰማል። ኹጥባው ሁሉ ቃል በቃል ይደራረባል። ብዙዎች ድምፁን ይጨምራሉ፤ እርሱ ያብሳል እንጂ አያሻልም። መፍትሔው በሜትር 3 ሚሊ ሰከንድ እያሰቡ የኋላውን ማስጠበቅ ነው፤ ለ100 ሜትር 300 ማለት ነው። ከዚያም ላይ 10 ያህል ቢጨመር ጆሮ ንግግሩ ከፊት፣ ከኢማሙ በኩል የመጣ አድርጎ ይሰማዋል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ ይህን የጆሮ ጠባይ በ1949 (እ.ኤ.አ.) በጥናት አሳይቷል። አንድ ወንድም «መርሳ ከወልድያ ይሞቃል፣ ሙቀት ድምፅን አያፈጥነውም ወይ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ያፈጥነዋል። ነገር ግን ከ15 ወደ 30 ዲግሪ ብትሄዱ በ100 ሜትር ላይ ልዩነቱ 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አብሽር፣ ለርሱ አትጨነቁ።

በየቤታችሁም ይህን ታገኙታላችሁ። የመካ ተራዊሕን በዲሽ ስትከታተሉ ምስሉ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሳተላይት ወጥቶ ይመለሳል፤ ይህ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። ጎረቤታችሁ በስልክ ኢንተርኔት የሚያየው ከዚያም በብዙ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሁለቱም «ቀጥታ» ይባላል! ቤት ሆኖ እንዲህ ባለ ሥርጭት ኢማምን ተከትሎ መስገድን አብዛኞቹ ዑለማዎች የማይቀበሉት መሆኑንም በዚሁ እናስታውስ። ቴሌቪዥኑን ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር ያገናኛችሁ ደግሞ ከንፈርና ቃል አልገጥም ካላችሁ ጥፋቱ የብሉቱዙ ነው፤ በገመድ አገናኙት።

አንድ ነገር ቀረ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንድ ሚክሰር ያስገባችሁለትን ቁጥር ይረሳል። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ አምፕሊፋየሩ ላይ ለጥፉ፤ ማስተካከያውንም የሚነካው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። መብራቱ በሶላት መሀል ከሄደስ? የየጁዋ ዳና በዓሊሞቿ ስሟ በገነነበት ዘመን ሞንታርቦ አልነበረም። ነቢዩ ﷺ ታመው ባሰገዱ ጊዜ ተክቢራቸውን ለሰዉ ያሰሙት አቡበክር (ረ.ዐ.) እንደነበሩ ይታወቃል። በሴቶቹ ፎቅ ደረጃ አጠገብና በሜዳው መሀል ድምፀ ጎላ ሙበሊግ አስቀድማችሁ መድቡ፤ መብራቱ እስኪመጣ ተክቢራውን እርሱ ያደርሳል።